ማንግሮቭ ለመትከል ወደ ኬንያ ባሕር ዳርቻ ለምትሄዱ በጎ ፈቃደኞች

ውጭ አገር ሄዶ በገጠር በበጎ ፈቃድ ማገልገል የሚያስብ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። «እኔ ከመምጣቴ በፊት ይህን ሥራ ማን ይሠራ ነበር? ከሄድኩስ በኋላ ማን ይቀጥለዋል?» ለዚህ ሰው አሳይቶ፣ መንደር ጠቅሶ የሚመልስላችሁ ድርጅት ካገኛችሁ ሂዱ። መልሱ ከተድበሰበሰ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም አታባክኑ። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሥራ የመንደሩ ሥራ አይደለም።

እኔ ባሕር ዳር ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለዚህ ጥያቄ ይህን ያህል ክብደት የምሰጠው እንቦጭን እያየሁ ስለኖርኩ ነው። አረሙ ጣና ላይ መግባቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ ስንት ዘመቻ ተካሂዷል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ካናቴራ ለብሶ ይመጣል፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል ይውላል፤ ማታ ይመለሳል። የመጡት ሁሉ ከልባቸው እንደመጡ አልጠራጠርም። እንቦጭ ግን ተቆርጦ ከቀረ ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ተኝቶ እስከ ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለውን አረም የሚያሸንፈው ሳይታክት እየተመላለሰ የሚነቅል እጅ ነው፤ ያ ደግሞ የደንቢያና የፎገራ የሐይቅ ዳር ገበሬ እጅ ነው። ለዘመቻ የመጣ ሰው የሚጠቅመው ለዚያ ገበሬ ጉልበት ሲጨምርለት፣ መሣሪያ ሲያቀብለው፣ የተነቀለውን ከውሃው አርቆ ሲያደርቅለት ነው። ድንበር ተሻግራችሁ ስትሄዱም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከዚህ በታች የምጽፈው በደንብ ስለማውቀው አንድ ቦታ ነው፤ ከሞምባሳ በስተደቡብ ስላለው የኬንያ የባሕር ዳርቻና በጨዋማው የባሕር ጭቃ ላይ ስለሚበቅለው ዛፍ፣ ስለ ማንግሮቩ። ሌላ አገር ለምታስቡም አብዛኛው ምክር ያገለግላል።

ለምን እዚያ?

ከሞምባሳ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ በክዋሌ ካውንቲ ውስጥ ጋዚ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጋዚ ባሕረ ሰላጤ ማንግሮቭ ለኖራና ለጡብ ማምረቻዎች ማገዶ ተብሎ ተጨፈጨፈ። ደኑ ሲሄድ ዓሣውም አብሮ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ብዙ የዓሣና የሽሪምፕ ዝርያ ጫጩቱን የሚያሳድገው በማንግሮቭ ሥር መሀል ነው። የባሕሩ ሞገድም ያለ ከልካይ ወደ መሬቱ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የኬንያ የባሕርና የዓሣ ሀብት ምርምር ተቋም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ መልሶ መትከል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ጋዚና ጎረቤቷ ማኮንጌኒ «ሚኮኮ ፓሞጃ» የተባለውን ማኅበር ይዘው ብቅ አሉ። ማኅበሩ 117 ሄክታር ማንግሮቭ ይጠብቃል፤ ዛፉና ጭቃው የሚያከማቹትን ካርቦን፣ የራሱን ብክለት ማካካስ ለሚፈልግ ገዢ በክሬዲት መልክ ይሸጣል። በማኅበረሰብ የሚመራ የማንግሮቭ ካርቦን ሽያጭ በዓለም ላይ የተጀመረው በእነዚህ ሁለት መንደሮች ነው። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለንጹህ ውሃና ለትምህርት ቤት ይውላል፤ ለምን እንደሚውል የሚወስኑትም ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን አግኝተዋል። ከእነሱ ተምራ ወደ ታንዛኒያ ድንበር የምትጠጋው ቫንጋም ተመሳሳይ ሥራ ጀምራለች።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው አንድ ነገር ነው። ሰዎቹ «ማንግሮቭ አትቁረጡ» ብለው ብቻ አልተቀመጡም፤ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሆን ሸውሸዌ ለብቻው ተከሉ። በዚያ አገር የቤት ጣሪያና ግድግዳ የሚቆመው ቦሪቲ በሚሉት የማንግሮቭ ምሰሶ ነው። ምሰሶውን ከልክሎ ምትክ የማይሰጥ ጥበቃ ውሎ አድሮ ከመንደሩ ጋር መጣላቱ አይቀርም። እኛ አገር ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የቀረው የአገር በቀል ደናችን ምን ይሆን እንደነበር ለሚያስብ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

እኔ ያገለገልኩት ከጋዚ ብዙ በማይርቅ ሌላ መንደር፣ የራሱ ችግኝ ጣቢያ ባለው የነዋሪዎች ማኅበር ውስጥ ነው።

ድርጅቱን እንዴት ትመርጣላችሁ?

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታገኙት ማስታወቂያውን የሚያሳምረውን ድርጅት ነው፤ በእውነት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከታች ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ጥያቄዎቹ ግን ጠንከር ያሉ ይሁኑ። መሬቱ ወይም ደኑ በማን ስም ነው? ኬንያ ውስጥ ማንግሮቭ የመንግሥት ደን ስለሆነ የመንደር ማኅበራት የሚሠሩት ከኬንያ የደን አገልግሎት ጋር ተስማምተው ነው፤ «ስምምነት አለን» የሚል ድርጅት ይህን ለመግለጽ አይቸገርም። ከሁለት ዓመት በፊት ከተከላችሁት ምን ያህሉ ጸደቀ? በጎ ፈቃደኛ በማይኖርበት ወር ችግኝ ጣቢያውን ማን ያጠጣል? እኔ የምሠራው ሥራ የመንደሩ ሰው በቀን አበል የሚሠራው ነው ወይ? ይህ የመጨረሻው በተለይ አይዘለል። እናንተ በነጻ ስለሠራችሁ አንዲት እናት የቀን ገቢዋን ካጣች በጎ አልሠራችሁም።

ከዚያ የገንዘብ ነገር አለ። በጎ ፈቃደኛ ከፍሎ ያገለግላል ሲባል ብዙ ሰው ይገረማል። የሚበላው፣ የሚተኛበት፣ የሚያሠለጥነው ሰው ጊዜ ሁሉ ዋጋ አለውና መክፈሉ ነውር የለበትም። ነውሩ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አለመናገር ነው። ክፍያው ተዘርዝሮ ይምጣላችሁ፤ ለምታድሩበት ቤት ስንት፣ ለምግብ ስንት፣ ለማኅበሩ ካዝና ስንት፣ ለአገናኙ ድርጅት ስንት። አብዛኛው ክፍያ ሌላ አህጉር ላለ ቢሮ የሚቀር ከሆነ በቀጥታ ለመንደሩ ማኅበር መጻፍ ይሻላል።

ሁለት ነገር ካያችሁ ደግሞ ወዲያው ተዉት። አንደኛው የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝት ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 አዳዲስ የሕፃናት ማሳደጊያ መመዝገብ ያቆመችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለጎብኚ ሲባል ወላጅ ያላቸው ልጆች ከቤታቸው ተወስደው ስለሚቀመጡ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚለዋወጥ እንግዳን መልመድና ማጣት ለልጅ ጉዳት ነው። ሁለተኛው የዱር እንስሳ ማቀፍ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ የአንበሳ ግልገል እያሳቀፉ ገንዘብ የሚሰበስቡትን የመሰለ። እንስሳን በእውነት የሚጠብቅ ሰው እንስሳውን ከእናንተ ያርቃል።

ወረቀትና ጤና

ኢትዮጵያውያን ለጉብኝት ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ ሳንጠየቅ ኖረናል። የመግቢያ ደንብ ስለሚሻሻል ግን ከመነሳታችሁ በፊት አዲስ አበባ ያለውን የኬንያ ኤምባሲ ጠይቁ። ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፤ በጉብኝት የገባ ሰው ያለ ደመወዝም ቢሆን መሥራት አይፈቀድለትም። ለአጭር ጊዜ አገልግሎት «ልዩ ፈቃድ» የሚባለው፣ ለረጅም ጊዜ ደግሞ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ሥራ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን የሚያስገባው ተቀባዩ ድርጅት ነው። «ጎብኚ ነኝ ብለህ ግባ፣ ማንም አይጠይቅህም» የሚላችሁን አትስሙ፤ ችግር ቢመጣ ተጠያቂዎቹ እናንተና የመንደሩ ማኅበር ናችሁ።

የቢጫ ወባ ክትባት ግዴታ ነው፤ ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች ስለሆነች ድንበር ላይ ቢጫውን ካርድ ይጠይቋችኋል። ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የቆየ ካርድ ያላችሁ እንደገና መከተብ የለባችሁም።

ወባን በተመለከተ ለአዲስ አበባ ልጆች በተለይ እናገራለሁ። ከተማችሁ ደጋ ላይ ስለሆነች ሰውነታችሁ ወባን አያውቃትም። የኬንያ ዳርቻ ቆላ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ትንኝ አለ። የመከላከያ መድኃኒቱን ሐኪም ያዝላችሁ፤ አንዳንዱ ከጉዞው በፊት ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላም ለሳምንታት የሚወሰድ ስለሆነ «ደረስኩ» ብላችሁ አታቋርጡት። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። ትኩሳት ከተሰማችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ለዚያ አካባቢ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ምሳምብዌኒ ይገኛል።

መንገድ

ሁለት አማራጭ አለ። በአውሮፕላን ሞምባሳ መውረድ ይቻላል። ጊዜ ያለው ሰው ግን በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ሞያሌ ይሻገር፤ ከዚያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ናይሮቢ ይግባ። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር አለ፤ በጻቮ ፓርክ መሀል ሲያልፍ በመስኮት ዝሆን የሚታይበት ጊዜ አለ። ሞምባሳ ደሴት ስለሆነች ወደ ደቡብ የሚወስደው የተለመደው መንገድ የሊኮኒ ጀልባ ነው፤ እግረኛ አይከፍልም። ከወዲያ ማዶ ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች ይጠብቃሉ።

ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ ፌስታል እንዳትይዙ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። እኛ ደግሞ በርበሬውንም ሽሮውንም በፌስታል ጠቅልለን መሄድ ልማዳችን ነው። በጨርቅ ከረጢት ወይም በቆርቆሮ ያዙት። ጥበቃ በሚደረግባቸው የተፈጥሮ ቦታዎች ደግሞ አንዴ ተጠቅሞ የሚጣል የውሃ ፕላስቲክም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ክልክል ስለሆነ የሚሞላ ኮዳ ያስፈልጋል።

ለእግር ቦቲ ጫማ አትግዙ። ጭቃው ውስጥ ውሃ ይሞላና እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ነጠላ ጫማ ደግሞ በመጀመሪያው እርምጃ ጭቃው ውጦ ያስቀረዋል። ባዶ እግር ፈጽሞ አይሆንም፤ በማንግሮቭ ሥር ላይ የሚለጠፉት፣ ኦይስተር የሚባሉት የባሕር እንስሳት ዛጎሎች እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ። የሚሻለው ጥብቅ ብሎ የሚታሰር አሮጌ ሸራ ጫማ ነው። ከእሱ ጋር እጅጌ ሙሉ ስስ ሸሚዝና ሰፊ ባርኔጣ።

የሥራ ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ ነው

ጣና ዳር ያደገ ሰው ውሃ ባለበት የሚቆይ ይመስለዋል። የሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አራት ሜትር ይጠጋል። ጠዋት በእግራችሁ የተሻገራችሁበት ቦታ ቀትር ላይ ከቁመታችሁ በላይ ውሃ ሊኖረው ይችላል። ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የዛሬው የሥራ ሰዓት የነገው አይሆንም። አንድ ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ትወጣላችሁ፤ በሌላው ሳምንት ከሰዓት በኋላ። ሰኞና ዓርብ የሚባል ነገር ተውት፤ የጨረቃ ቀን ቁጠሩ። ብቻችሁን ወደ ማንግሮቩ አትግቡ፤ መመለሻውን ቦይ የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ የተሰጠ አንድ ዕድል አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ነው። «ሳ ምቢሊ» ካሏችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ከአውሮፓ የመጡት በጎ ፈቃደኞች ለዚህ ግራ ሲጋቡ እናንተ ትረዱታላችሁ። ነገር ግን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሠንጠረዥ የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ወጣቶቹም በእንግሊዝኛ ሲያወሩ በፈረንጅ ሰዓት ይናገራሉ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ ልብ በሉ፤ ከተጠራጠራችሁ «ፀሐይ ከወጣች ስንት ሰዓት በኋላ?» ብላችሁ አረጋግጡ።

አተካከሉ

በሠራሁበት መንደር የችግኝ ጣቢያውን የሚመሩት አንዲት ሴት ነበሩ፤ ሁሉም «ማማ» እያለ ነበር የሚጠራቸው። የመጀመሪያ ትምህርታቸው ዘር መምረጥ ነበር። ምኮኮ የሚሉት ማንግሮቭ ዘሩን መሬት ላይ አይበትንም፤ ዘሩ እናቱ ላይ እንዳለ በቅሎ እንደ ረጅም አረንጓዴ ጦር ይንጠለጠላል። ማማ አንዱን ያዙና አንገቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ፍሬው ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቢጫ ቀለበት ከታየ ደርሷል፤ ለመለቀም ዝግጁ ነው። ቀለበቱ ካልታየ ገና ነው፤ ቢተከልም አይዝም። ከዚያ ዙሪያውን እያገላበጡ የነፍሳት ቀዳዳና የሸርጣን ንክሻ ፈለጉ። አንድ ትንሽ ቀዳዳ ያለበትን ወደ ጎን ጣሉት፤ በቁመቱ የሚያስቀና ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳሱለትም።

መትከሉ ቀላል ይመስላል። ከፍሬው የተላቀቀው ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል፤ ሹሉ ጫፍ ወደ ጭቃው ይገባል፤ ከቁመቱ ሲሦ ያህሉ ብቻ። ጥልቅ ካደረጋችሁት ይበሰብሳል፤ ካሳጠራችሁት ባሕሩ ይነቅለዋል። በአንዱና በሌላው መካከል የአንድ ሜትር ርቀት ይተዋል፤ ሜትሩን የሚለኩት በተቆረጠ ዱላ ነው። ምቹ የሚባለው ዝርያ ግን እንዲህ አይተከልም። ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ቅርፊቱ እስኪላቀቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በችግኝ ጣቢያ ያድጋል።

ስትራመዱ ከጭቃው እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የወጡትን ነገሮች አትርገጡ። የምቹ ሥሮች ናቸው፤ ዛፉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ብዙ በጎ ፈቃደኛ ባንድ ቦታ ሲርመሰመስ የሚተክለውን ያህል ሊያጠፋ ይችላል። በዚህ ምክንያት ማማ ከእንግዶች መካከል በአንድ ጊዜ ጥቂቶችን ብቻ ያስገቡ ነበር። ሌሎቹ ዳር ቆመው ዘር ይመርጣሉ። ቅር አይበላችሁ።

ዋናው እውቀት ግን የት እንደሚተከል ማወቅ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ የሚታየው ባዶ ጭቃ ሁሉ የማንግሮቭ ቦታ አይደለም። ምሊላና የሚባለው ዝርያ ከሁሉ ወደ ባሕሩ ይጠጋል፤ ከኋላው ምኮኮ፤ ከዚያ ምካንዳአ፤ ወደ የብሱ አካባቢ ምቹ። ከምሊላና በታች ወደ ባሕሩ ያለው የባሕር ሣር መኖሪያ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ለፎቶና ለቁጥር ሲባል በዝቅተኛው ጭቃና በባሕር ሣር ላይ የተተከለ ብዙ ማንግሮቭ ሞቷል፤ ሣሩም አብሮ ተጎድቷል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መትከል ጨርሶ አያስፈልግም። የተዘጋ የውሃ መግቢያ ከተከፈተ ዘሩን ባሕሩ ራሱ ያመጣዋል። «ዘንድሮ አንተክልም፤ ቦይ እንቆፍራለን» የሚል ማኅበር ካጋጠማችሁ አዋቂ ሰዎች እጅ ገብታችኋል፤ አካፋችሁን ያዙ።

ከመትከል የሚበልጥ ሥራ

እንግዳ ከሆናችሁ በመትከል ከመንደሩ ሰው አትበልጡም። አንዲት የለመደች እናት እናንተ አሥር ስትተክሉ አርባ ትተክላለች። የምትጠቅሙት ሌላ ቦታ ነው፤ በቆጠራ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲገልጽ፣ ተማሪዎቼ ወዲያው የጠየቁኝ «ስንቱ ይጸድቃል?» ብለው ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልስ የሚያገኘው ደግሞ በየወሩ ተመልሶ በሚቆጥር ሰው ብቻ ነው። በማንግሮቭ ሥራ ውስጥ በገመድ በተከለለ ቁራጭ መሬት ላይ ያሉት ችግኞች ይቆጠራሉ፤ ቁመታቸውና የግንዳቸው ውፍረት ይለካል፤ የሞተው ለምን እንደሞተ ይመዘገባል። ሸርጣን በልቶት ነው? አሸዋ ቀብሮት ነው? ፍየል ገብታ ነው? ይህ ሁሉ በጭቃ በተለወሰ ደብተር ይጻፋል። ደብተሩ ኮምፒውተር ላይ የሚገለበጥበት ጊዜ ግን የለም፤ ሰዎቹ ዓሣ ማጥመድና ልጅ ማሳደግ አለባቸው። እኔ ብዙ ጊዜ ያሳለፍኩት በዚህ ሥራ ነው፤ ደብተሩን ከአንዲት የማኅበሩ ጸሐፊ ጋር ወደ ሠንጠረዥ እያስገባን። የጻፍኩት እኔ ብሆንም ሠንጠረዡን ያወጣችው እሷ ናት፤ እንዲህ እንዲሆን ከመጀመሪያው ተስማምተን ነበር። እኔ ብቻዬን ሠርቼው ብሆን ኖሮ ከሄድኩ በኋላ የሚነካው አይኖርም ነበር።

ሒሳብ የምታውቁ የማኅበሩን የገቢና የወጪ መዝገብ አጣሩ፤ መካኒክ የሆናችሁ የጀልባ ሞተር ፈታችሁ አሳዩ። መምህራን ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ግን የመደበኛ መምህሩን ክፍለ ጊዜ አትውሰዱ፤ አብራችሁት ግቡ።

ከሰው ጋር መኖር

ይህ ክፍል ለኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ትልቅ ሰው ስታገኙ «ሺካሞ» በሉ፤ «ማራሃባ» ብለው ይመልሱላችኋል። ደጃፍ ላይ ቆማችሁ «ሆዲ» ሳትሉ፣ «ካሪቡ» ሳትባሉ አትግቡ። ሰላምታ ሳይጨርሱ ጉዳይ መጀመር እዚያም እንደኛው ነውር ነው። መንደሮቹ በአብዛኛው ሙስሊም ናቸው። ሴቶች ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ካንጋ የሚሉትን ጨርቅ ገዝቶ ማገልደም ምቹ ነው። ወንዶችም ቁምጣውን ለጭቃው ይተዉት። በረመዳን ከሄዳችሁ የሥራ ሰዓቱ ይለወጣል፤ በፆመኛ ፊት አትብሉ፤ አትጠጡ። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ስለ ምግብም ስለ ስግደትም አይቸገሩም።

ኦርቶዶክሶች ደግሞ የክረምቱ ዕረፍት ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም «ምን እበላለሁ?» ብላችሁ አትስጉ። ምባዚ የሚሉት በኮኮናት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር ወጥ፣ እንዲሁም በኮኮናት የተቀቀለ ቦሎቄ የየዕለት ምግባቸው ነው፤ ቅቤም ሥጋም የለበትም። የምታድሩበት ቤት ሴትዮ ጾማችሁን ቀድማ ካወቀች ደስ ብሏት ታዘጋጃለች። ለእንግዳ ዓሣ ሳያቀርቡ መቅረት ስለሚከብዳቸው አስቀድማችሁ ንገሩ።

በአቅራቢያው ካያ የሚባሉ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች ቅዱስ ደኖች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለሚያውቅ ሰው የካያው ጸጥታ እንግዳ አይሆንበትም፤ ዙሪያው ተመንጥሮ እሱ ብቻ ቆሟል። ኪኖንዶ ያለውን ካያ ከአስጎብኚ ጋር መጎብኘት ይቻላል፤ ጥቁር ጨርቅ ታሸርጣላችሁ፤ ቅጠል አትቆርጡም፤ ካልተፈቀደላችሁ ፎቶ አታነሱም። ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ ግን ወደ የትኛውም ካያ እግራችሁን አታንሱ።

የልጆችን ፎቶ ወላጅ ሳትጠይቁ አታንሱ፤ ኢንተርኔት ላይም አትለጥፉ። የእኛ ልጆች በባዕድ ሰው ካሜራ ለስንት ዓመት እንዴት ሲታዩ እንደኖሩ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሌላ ምክንያት አያሻውም።

ውጭ አገር ለምትኖሩ

ለሌላ መንገድ የምትበቁ ብዙ ናችሁ። በአውሮፓ ኅብረት አገር በሕጋዊ መንገድ የምትኖሩና ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 30 የሆነ በአውሮፓ የአንድነት ጓድ በኩል የምግብና የመኖሪያ ወጪ ተሸፍኖላችሁ ማገልገል ትችላላችሁ። የአሜሪካ ዜግነት ያላችሁ ለሰላም ጓድ ማመልከት ትችላላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመሥርቶ በማግሥቱ ዓመት ኢትዮጵያ የገባው ማለት ነው። አባቶቻችን «ፒስ ኮር» ያስተማራቸው ስንት ናቸው! በየትኛውም የአፍሪካ አገር የምትኖሩ ወጣቶች ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ጓድ አለላችሁ፤ ከ18 እስከ 35 ዓመት ለሆናቸው፣ አገልግሎቱም ለአሥራ ሁለት ወር ነው። በእነዚህ ሁሉ በኩል ስትሄዱም ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች መጠየቅ አይቀርም፤ ትልቅ ስም ያለው ድርጅት የሚልካችሁ መንደር ሥራውን ራሱ የጠየቀ መሆኑን አያረጋግጥላችሁም።

መመለስና መቀጠል

ከመመለሳችሁ በፊት የጀመራችሁትን ለሚረከብ ሰው በጽሑፍ አስረክቡ፤ የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ሳይቀር። የሄዳችሁበትን ጫማ፣ አጎበርና ባርኔጣ ለማኅበሩ ተዉ። ገንዘብ መስጠት ከፈለጋችሁ በግል እጅ አትስጡ፤ በማኅበሩ ሒሳብ ይግባና ደረሰኝ ይቆረጥ። ኬንያ ውስጥ ብዙ ነገር የሚከፈለው እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው የሞባይል ገንዘብ፣ በኤምፔሳ ስለሆነ ይህ አስቸጋሪ አይደለም። አገር ቤት ከገባችሁ በኋላ የሦስት ወሩንና የስድስት ወሩን ቆጠራ ውጤት ጠይቁ፤ ወደ ሠንጠረዡ የገባ ስሕተት ካለ አብራችሁ አርሙ።

ለመጪው ክረምት የምታስቡ ደብዳቤያችሁን ከጥር ሳያልፍ ጻፉ። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ዳርቻው ከሌላው ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ከባድ ዝናብም አልፏል። ተቀባዩ ማኅበር በመንደር ስብሰባ ተነጋግሮ እስኪመልስ ሳምንታት ይወስዳል፤ ልዩ ፈቃዱም ጊዜ ይፈልጋል። መልሱ ቢዘገይ ደግማችሁ በትሕትና ጻፉ። «ዘንድሮ ሰው አንቀበልም» ካሏችሁ ምክንያቱን ጠይቁና ለሚቀጥለው ዓመት ተመዝገቡ፤ እስከዚያው ስዋሂሊውን አጥኑ።